የእማዬ መስታወት አይቆረጥም

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «የእማዬ ፊልም ቅዳሜ የሚታይ ከሆነ የመስታወቱ ቦታ ይቆረጥ፣ አለዚያ አልመጣም» ብለሻል። ባለ ሲኒማውም ትናንት ጠርቶኝ «እህትዎ ደውለው ነበር። እናትዎ አርፈዋል፣ ታላቅ እርስዎ ነዎት፣ ይወስኑ። በመቀስ ቀጭ ማድረግ ነው» አለኝ። መልሱን ከሱ ከምትሰሚ ከኔ ስሚው። አይቆረጥም።

ነገር በተራ ካላስቀመጥኩ እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ።

አንደኛ፣ ፊልሙን አላየሽውም። እኔም እስከ ትናንት አላየሁትም ነበር። ትምህርት ቤት ያዩት ልጆች «የወላቃዋ ልጆች» ሲሉን ነው የምናውቀው። ባለ ሲኒማው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ለብቻዬ ከፈተልኝ። ፊልሙ ላይ እማዬ ብቻዋን በምትኖርበት ቤት ሌላ ሴት ያለች ይመስላታል። ጎረቤት አያምናትም፣ ሐኪም አያምናትም። መጨረሻ ላይ መስታወት ፊት ቆማ ሰው ሠራሽ ጥርሷን አውልቃ ብርጭቆ ውስጥ ትከታለች። ቀና ስትል መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ጥርሷን አላወለቀችም። ጥርሷን ብልጭ አድርጋ ታያታለች። እኔ ፊልም መሆኑን ረስቼ «እማዬ፣ ዞር በይ!» ብዬ ጮህኩ። ባለ ሲኒማው ከኋላ «ኧረ ቀስ፣ ወንበሩን ሊነቅሉብኝ ነው!» አለ።

ሁለተኛ፣ ማንም አላስገደዳትም። ከቀረጻ መጥታ ጫማዋን እያወለቀች የነገረችንን ረሳሽው? ዳይሬክተሩ «እማማ፣ እንዳያፍሩ ይሄንን በሌላ ሴት እንቅረጸው» ብሎ አንዲት ወጣት ሲጠቁማት፣ «እሷ ደግሞ የምታወልቀው ጥርስ አላት? አንተ ልጅ፣ ካሜራህን አስነሳ!» አለችው። አንቺ እንኳን በሳቅ ውሃ ትን ብሎሽ ነበር።

ሦስተኛ፣ ከዚያ በፊት በስንት ፊልም ላይ ምን ነበረች? በር ከፍታ «ጌታዬ የሉም» የምትል ሠራተኛ። ፀጉሯ ሸብቶ ነው መሪ ተዋናይ ያደረጓት፣ እሱም አንዴ። መስታወቱን ከቆረጥነው መልሰን በር ከፋች ልናደርጋት ነው።

አራተኛ ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት። ስለ ፍርሃቴ ነበር። አዎ፣ እፈራለሁ። መሥሪያ ቤት ይስቁብኛል፣ ልጄን ጓደኞቿ ያበሽቋታል፣ አንቺ ታኮርፊኛለሽ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጠዋት ልጄን ቁጭ አድርጌ «ሰው ቢስቅብሽስ?» አልኳት።

«አባዬ፣ የነሱ አያቶች ሹራብ ይሠራሉ። የኔ ታስፈራለች!» አለችኝ። ኩራቷን ብታዪው!

እዚያው ለባለ ሲኒማው ደወልኩና «አንድ ሴንቲ እንዳይነኩ» አልኩት።

«እህትዎስ?»

«እሷን ለኔ ይተዉልኝ።»

እንግዲህ ቅዳሜ አዳራሹ ይጩህ። እማዬ የለፋችው ሰው እንዲጮህ ነው፣ አንጀቱን እንድትበላው አይደለም። መጥተሽ ከጎኔ ብትቀመጪ ደስታዬ ነው፣ አብረን እንጮሃለን። ማፈር ካማረሽ ግን እዚያው ቤትሽ ሆነሽ እፈሪ። እኔ ልጄን ይዤ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነኝ፣ የሚስቅ ሰው ካለ ደግሞ ዞር ብዬ ዓይኑን አየዋለሁ።

እየወደደሽ እምቢ ያለሽ
ታላቅ ወንድምሽ