«ልክ በልክ» የሚለው የሱቃችን ስም ማዶ እንዳይሻገር

ለንግድ ምዝገባና ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ጥቅምት 9

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ «የሱቁ ስም ለእኔ ይዛወርልኝ» ሲል ያቀረበውን ማመልከቻ ስለመቃወም

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ባለቤቴ ቆራጭ ነው። «ልክ በልክ የልብስ ስፌት»ን ያቋቋሙትም ስሙን ያወጡለትም አባቴ ናቸው። ባለቤቴን መቀስ አያያዝ ያስተማሩት፣ እኔንም የዳሩለት እሳቸው ናቸው። ሱቁን ለሁለታችን ትተውልን ካለፉ ወዲህ፣ እሱ እየቆረጠ እኔ እየሰፋሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖርን።

2. በሱቃችን ደንብ ወንዱን እሱ ይለካል፣ ሴቷን እኔ። ልኩ ደብተር ላይ ሳይሰፍር ጨርቅ አይቆረጥም። አምና ግን አንድ የተቆረጠ ሐምራዊ ቀሚስ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁና ሰፋሁት። የቀሚሱ ባለቤት መጥታ ስትለብሰው ልክክ አለላት፤ አንድ ክር እንኳ የሚነካ ቦታ አልነበረውም። ደብተሩን ባገላብጥ ሴትዮዋ የለችም፤ እኔም ለክቻት አላውቅም። ባለቤቴን ብጠይቀው «በዓይኔ ገምቼ ነው» አለኝ። ክቡር ኃላፊ፣ ይህ ሰው የገዛ ሱሪውን እንኳ ሦስት ጊዜ ሳይለካ ቆርጦ አያውቅም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኛን ቤት ጉድ ያወጣው መቀስ ነው።

3. ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋን ይዞ መንገዱን ተሻገረና ፊት ለፊቴ ሱቅ ከፈተ። ጨርቄን ማቄን ሳይል ወጣ እንዳልል፣ ጨርቁንም መቀሱንም ጠመኔውንም ጠራርጎ ነው የወጣው። የረሳው ሜትሩን ብቻ ነው።

4. ሴትዮዋ መርፌ አትይዝም። እኔም መቁረጥ አይሆንልኝም፤ በቅርቡ የሞከርኩት ኮት የቀኝ እጅጌው የግራው ታላቅ ወንድም ሆኖ ወጣ። ስለዚህ ደንበኞቻችን ማዶ እያስቆረጡ እኔ ዘንድ ያሰፋሉ። ተጣልተንም አብረን እየሠራን ነው ማለት ነው። እሱ ግን ይህ አልበቃው ብሎ «ስሙ የሚገባው ለቆራጩ ነው» ሲል ለጽሕፈት ቤትዎ አመለከተ።

የሚከተለው ቁጥር የለውም፤ የት እንደምመድበው አላውቅም። ባለፈው ሳምንት በሁለታችን መሃል የምትመላለሰው ልጃችን የተቆረጠ ሰማያዊ ቀሚስ አመጣችልኝ። «አባዬ ትስፋው ብሏል፤ የማን እንደሆነ አልነገረኝም» አለች። ሰፋሁት፤ የሚወስደው ጠፋ። ትከሻውን ሳየው ጠረጠርኩ። ስፌት መኪና ላይ ከመጎንበስ ብዛት ቀኝ ትከሻዬ ዝቅ ያለ ነው፤ የቀሚሱም እንዲሁ። ያ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ልብስ ቆርጦልኝ አያውቅም። በሩን ዘግቼ ለበስኩት። ወገቡ ላይ አልዘጋ አለ። የሙሽርነቴን ወገብ ነው የቆረጠው። የዚያችን ሴትዮ በልኳ፣ የእኔን በትዝታ። አልቅሻለሁ፤ ይህም በመዝገብ ይያዝልኝ።

ሆኖም በቀሚስ ተደልዬ የአባቴን ስም አልሰጥም። ማመልከቻው ውድቅ ተደርጎ «ልክ በልክ» አባቴ በሰቀሉበት በር ላይ እንዲቆይልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ለጽሕፈት ቤትዎ ካለኝ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የ«ልክ በልክ» ሰፊ

ግልባጭ፦
ማዶ ላለው ቆራጭ። ቀሚሱ ወገቡ ላይ አራት ጣት ይጠባል። ሜትሩ እኔ ዘንድ ነው።