«ይነሳ» ተብሎ ስለተነሳው ሰነድ፣ ለክቡር ሥራ አስኪያጃችን

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ምንጣፍ ሳይሳሳ እንዲሰነብት እመኛለሁ። እኔ ተላላኪዎ ነኝ። ከማታው የፊደል ትምህርት ከተመረቅሁ ወዲህ በዚህ ሕንፃ ውስጥ የሚያህለኝ አንባቢ የለም፤ ማለትም በምድር ቤቱ፤ ማለትም ጥበቃው መነጽሩን ቤት ረስቶ በመጣ ቀን።

አንደኛ፣ የመረጃ አያያዛችን እንዲሻሻል ብለው ታሪክ እየተረከ የሚያስተምረውን የኢንተርኔት ሥልጠና ስላመጡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አቶ ዝርክርክ የሚባል ሠራተኛ ሰነድ እያዝረከረከ ቢሮውን ሲያምስ፣ ወይዘሪት ስንዱ የምትባል ጎበዝ ከኋላ ከኋላው እየሰበሰበች ስታስተካክል፣ የመዝገብ ቤት ሰዎች አንዷን ኮምፒውተር ከበው አፋቸውን ከፍተው ይከታተሉ ነበር። እኔም የማደርሰውን ደብዳቤ ብብቴ ሥር ሸጉጬ ጮክ ብዬ አነብላቸው ነበር፤ የጠየቀኝ ባይኖርም።

ሁለተኛ፣ ወይዘሪት ስንዱ «ነባር ሰነድ በሙሉ ተራ በተራ ይነሳ» እንዳለች ኢንተርኔቱ ተቋረጠና ከሥሩ ያለው ሥዕል ሳይመጣ ቀረ። ክቡርነትዎ ጉዳዩ በስልክ ሲነገርዎ፣ ሥዕል መጠበቅ የሰነፍ ሥራ መሆኑን ገልጸው፣ ይነሳ ከተባለ ይነሳ አሉ። አነሳነው። መደርደሪያው ባዶ እስኪሆን ተሸክመን፣ ጓሮ ባለው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ የላዩን ከታች፣ የታቹን ከላይ አድርገን ከመርነው። በማግስቱ ሥዕሉ መጣ። ወይዘሪት ስንዱ ስልኳን ደግና እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ታነሳለች። ለካ ይነሳ የተባለው ፎቶ ኖሯል! ስለ ፈጣን አመራርዎ እናመሰግናለን፤ አቶ ዝርክርክ ዕድሜውን ሙሉ ያልቻለውን እኛ በአንድ ከሰዓት ጨረስነው።

ሦስተኛውን ስጽፍ ቀልዴ ይቀንሳል፤ ይታገሡኝ። ቢሮዎን የሚያጸዱት እትዬ፣ እኔን ያንን የማታ ትምህርት በግድ ያስጀመሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ልጃቸው ወዳለችበት ቅርንጫፍ ለመዛወር አመልክተዋል። ልጅቷ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል፤ ባሏም ሩቅ ነው፣ ከእናቷ በቀር አጠገቧ የሚሆን ሰው የላትም። ቅርንጫፉ ክፍት ቦታውን የሚያቆይላቸው እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ሲሆን፣ የሚጠይቀውም የግል ማኅደራቸውን ነው። ማኅደሩ መጋዘን ገብቷል። እትዬ ይህን ሊነግሩዎ ሲገቡ ክቡርነትዎ ወንበር ስበው አስቀመጧቸው፣ ኮምፒውተርዎንም አየት አድርገው፣ «ሲስተሙ ላይ ከሌለሽ የለሽም ማለት ነው» አሏቸው። እትዬም፣ ታዲያ ዛሬ ጠዋት ይህንን ወለል የወለወለው ማን ነው ብለው ቢጠይቁ፣ ስብሰባ ደረሰብዎ።

እንግዲህ የመጋዘኑ ቁልፍ ዕረፍት ከወጣው የንብረት ክፍል ኃላፊ ኪስ ውስጥ ነው፤ እሱም ስልክ አያነሳም። ጣራው ያፈሳል፤ ደመናውም እያረገዘ ነው። ፍለጋውን እኔና የመዝገብ ቤት ሰዎች ከሥራ ሰዓት ውጭ እናደርገዋለን፣ አበልም አንጠይቅም። ከክቡርነትዎ የምንለምነው አንዲት ቃል በፊርማዎ ብቻ ነው፦ «ይሰበር»። ይህችኛዋ ሥዕል አያስፈልጋትም።

ደብዳቤዬን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት አይዩብኝ፤ ጠረጴዛዎ ላይ ባስቀምጠው ይነሳል ብዬ ሰግቼ ነው።

ከበርዎ ውጭ ተራ ይዘው የሚቆሙት ሁሉ ባላቸው ትዕግሥት ልክ የማከብርዎ፣
ደብዳቤ ከመሸከም ደብዳቤ ወደ መጻፍ በገዛ ሥልጣኔ ያደግሁት ተላላኪዎ

ማስታወሻ፦ የሥልጠናው ታሪክ ልባችን ውስጥ የገባው አንድ ደግ አለቃ ስለነበረበት መስሎኝ፣ ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር አለ። ሌላው ሁሉ እውነት ነው፤ ወንበሩን ግን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እትዬ የሰሙዎት ቆመው ነው።