በህሩይ ቤት ያልጠጣሁት ጽዋ

ለተወደድሽው እታለም የትነበርሽ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? የጅማ ዝናብ አላስቸገረሽም? አያ እስጢፋኖስንስ ያ ሳል ለቀቃቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከአስማረ እጅ በቀር ደኅና ነን። ዛሪማ ያለችው እናታችንም ደኅና ናት፤ ስምሽን ሳትጠራ አትውልም።

«ህሩይን ለፈጣሪ ስጠው» ብለሽ የላክሽብኝ ቃል ደርሶኛል። አልሰጠሁትም። በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ከዕለት ማስታወሻዬ እያየሁ እጽፍልሻለሁ።

ታኅሣሥ 14 ቀን ቀበሌው የጤና መድን ሲያድስ፣ ህሩይ ታናሻችንን አስማረን ጠርቶ «በእኔ ዱቄት ፋብሪካ እየሠራህ የመንደር መድን ምን ያደርግልሃል? ብትታመም እኔ የት ሄጄ!» አለው። ለቀበሌውም «ቋሚ ሠራተኛዬ ነው» ብሎ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጻፈ። ደመወዝተኛ በዚያ መድን አይታቀፍምና አስማረ ደብተሩን መለሰ። እኔም ደብዳቤውን አይቼ «ሸጋ ጌታ አገኘህ» አልኩት። ይቺንም ስህተቴን ጽፌያታለሁ።

ግንቦት 11 የወፍጮው ቀበቶ ቀኝ እጁን ያዘው። ሆስፒታል የመድን ደብተር ሲጠይቁት የለውም። ለመጀመሪያው ሕክምና እናታችን በሬዋን ሸጠች። ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ፤ የቀሩት አይታጠፉም። ሐኪሙ ሦስት ወር ሳይሞላው እጁ እንደገና ካልተቀደደ እንደደረቀ ይቀራል አለን። የእኔም ስንዴ በመንገዱ መዘጋት ድብ ባሕር ላይ ቀርቶ እጄ ባዶ ነበር።

ህሩይ ዘንድ ሄድኩ። «የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ስሙንም በቅጡ አላውቀው» አለኝ። ቀጥሎ ሳቀና «ቢያዝን፣ ነጋዴ ነህ ስል ለማኝ ሆንክ እንዴ?» አለ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ስናደድ እንደማልጮኽ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እሱ ግን አያውቅም። በማግስቱ ከቀበሌ የደብዳቤውን ቅጂ አውጥቼ ጠበቅሁ። አስማረ እጁን እያየ ሲያለቅስ ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ይህን በደሌን አልደብቅሽም።

ሐምሌ 6 የቁስቋም ማኅበራችን ተራው የህሩይ ነበር። ጾሙ በተፈታ ማግስት ነውና ሁለት በግ አርዶ እህል ነጋዴውን ሁሉ ጠርቷል። በማኅበራችን ከተጣላ ሰው ጋር ጽዋ የሚጠጣ የለም፤ አንዱ እምቢ ካለ ሁሉም እጁን ይሰበስባል። ጽዋው እኔ ዘንድ ሲደርስ አልተቀበልኩም። አባ ወልደኢየሱስ «ምነው ልጄ?» ሲሉኝ ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። በዚያ በቅዳሴ ድምፃቸው እስከ ማኅተሙ አነበቡት። «ህሩይ፣ ይህ ያንተ ነው?» አሉት። ወይዘሮ ታየች ከጥግ ሆነው «በታኅሣሥ የምታውቀውን ልጅ በግንቦት ከረሳኸው፣ ስታረጅማ ሚስትህንም ማን ነሽ ልትላት ነው!» አሉት። ሰው ሳቀ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ነጠላውን እያነሣ ወጣ። ወጡ በየሳህኑ እንደቀረበ ቀረ። ደስ አለኝ እታለም፤ አልዋሽሽም።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ላከ። የአስማረን ሕክምና እስከ መጨረሻው እንዲችል፣ አሥራ ዘጠኙንም ሠራተኞች በውል ቀጥሮ ለጡረታና ለሥራ ጉዳት እንዲያስመዘግብ ጠየቅሁ። «ይህ ሁሉ ለሁለት ጣት?» አለ አሉኝ። ቢሆንም እህል የሚያቀርብለት ነጋዴ ሁሉ ስለሸሸው ፈረመ። አስማረ ለሐምሌ 28 ተቀጥሯል።

አሁን አባ «ይቅር በለውና ወደ ጽዋው ተመለሱ» ይሉኛል። አስማረ በቀኝ እጁ ጽዋ ይዞ የጠጣ ዕለት እኔም እጠጣለሁ አልኳቸው። «ሐኪሙ ቢቀደድም እጁ ላይታጠፍ ይችላል ብሎ የለም እንዴ?» አሉኝ። እሱንም ለህሩይ ይንገሩት አልኳቸው።

አያ እስጢፋኖስን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ሄለንን በፈተናሽ በርቺ፣ ኤሌኒን ጉንጯን ስሜያታለሁ በይልኝ። ባለቤቴ ወይንሸት በብዙ ናፍቆት ሰላም ትልሻለች፤ አስማረም በግራ እጁ መጻፍ ስላልለመደ ሰላምታውን በእኔ ልኳል።

ወንድምሽ ቢያዝን
ጎንደር፣ ቁስቋም
ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.