ከላይ ሰፈር የተጫረ እሳት

መካነ ሰላም፣ መጋቢት 1966 ዓ.ም.

ውድ ሐረግ፣

ደሴ ከገባሽ ወዲህ ሰላምታዬ ሁሉ በሹፌር አፍ ነበር የሚደርስሽ። ዛሬ ለሹፌር የማይነገር ነገር ስላለኝ ጻፍኩልሽ።

«የእናቴ ሰፈር እንዴት ነው? ቤታችን ዋጋ ያወጣል?» ብለሽኝ ነበር። እንግዲህ ስሚ። መንገድ ዳር የአዲሱ ሰፈር ቆርቆሮ ማብለጭለጭ ከጀመረ ወዲህ ላይ ሰፈርን የሚጠይቅ ጠፋ። መጀመሪያ እነ አምባቸው ወረዱ፣ የቤታቸውን በር ሳይቀር ነቅለው። ከዚያ፣ ምን ልደብቅሽ፣ እኔና ባሌ አራጌ። እናትሽን አደራ ብለሽኝ ስለነበር እማማ አልታዬን «በየቀኑ እመጣለሁ» አልኳቸው።

«ሂጂ ልጄ፣ ብቻ ቆርቆሮው ዝናብ ሲመታው እንዳያደነቁርሽ» ብለው ሳቁብኝ።

እሳቸውን ማን ያውርዳቸው? «እኔም ከወረድኩ፣ የተመለሰ ሰው እሳት ከየት ይጭራል?» ይላሉ። የእናትሽ ፍም ተዳፍኖ ያድራል እንጂ ጠፍቶ እንደማያውቅ ታውቂያለሽ። እኛ ታች ሆነን የጀብሪልን ሱቅ ክብሪት እየጫርን እናሾፍባቸው ነበር። በየቀኑ ያልኩት በሳምንት ሆነ፤ በኋላማ ጠዋት ጠዋት ከደጄ ሆኜ ጭሳቸውን ማየት ብቻ። ጭስ ካለ፣ እሳቸውም አሉ።

ከጥር ወዲህ ረሃብ ያሰደደው ሰው በመንገዱ መጥቶ በየበረንዳችን ወደቀ። ተስቦም አብሮ ገባ። ጀብሪል ሱቁን ቆልፎ ቤተሰቡን ይዞ ሄደ። ሬዲዮኑ አዲስ አበባ ላይ ስላደመው ታክሲና ወታደር ያወራል፤ እኛ አንዲት እንጨት ክብሪት አጣን። ይኸውልሽ፣ ያ የተናቀ ሰፈር ተፈላጊ ሆነ። ፍሙ የጠፋበት ሁሉ ገል ይዞ እናትሽ ደጅ ይሰለፍ ጀመር። አምባቸውማ ሊመለስ በሩን ተሸክሞ ሲወጣ አየሁት።

ወጋችንን አልረሳሽውም። ቤቱ በሽተኛ ያለበት ሰው እሳቱን ከደጅ ይቀበላል እንጂ ምድጃ አይጠጋም። የዛሬ ሁለት ሳምንት እኔ እሳት ልጭር ስወጣ አራጌ በትኩሳት ከወደቀ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

«ቤት ደኅና ነው?» አሉኝ ከውስጥ።

«ደኅና ነው፣ እማማ።»

«አራጌስ?»

«ከላላ ገበያ ሄዷል።»

«ታዲያ ምን ይገትርሻል? ግቢ እንጂ፣ በርዶሻል።»

ከኋላዬ አምስት ሴቶች ቆመዋል። እውነቱን ብናገር ከዚያች ቀን ጀምሮ ደጄን የሚረግጥ አይኖርም። ገባሁ። የለበስኩት ከአራጌ ላይ የገፈፍኩትን ጋቢ ነበር። እናትሽ ጎኔ ተቀምጠው የጋቢውን ጫፍ ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረጉ። «አብሽሪ፣ ሰፈሩ ሊመለስ ነው» አሉኝ። ሰው ናፍቋቸው ነበር፣ ሐረግ። ተስቦ ከልብስ ልብስ እንደሚሻገር የጤና ጣቢያው ድሬሰር የነገረኝ ኋላ ነው።

አራጌ ተሽሎት ተቀምጧል። ላይ ሰፈር ከእናትሽ ቤት ግን ሦስት ቀን ሙሉ ጭስ የለም። ጎረቤቱ ሁሉ ከየደጁ ቆሞ ያያል፤ የሚወጣ ግን የለም፣ እርስ በርሳችንም «አየሽ?» አንባባልም። አምባቸው ትናንት በሩን ተሸክሞ ወረደ። «ምነው?» ስለው አንገቱን ደፍቶ አለፈኝ።

ይህን ለሹፌሩ ሰጥቼ መውጣቴ ነው። ያን ዕለት የጫርኩትን ፍም እየዳፈንኩ አቆይቼዋለሁ። በገል ይዤላቸው እወጣለሁ፣ ደጅም አልቆምም።

ስለ ቤቱ ዋጋ ለጠየቅሽኝ፣ አንቺው መጥተሽ እዪው። ፈጥነሽ ነይ።

እናትሽን የዋሸኋቸው ጎረቤትሽ፣
ይርገዱ