ግቢያችን ዳስ ተጣለ

እሑድ፣ መስከረም 25

አራቱም ምሰሶዎች ቆሙ። አንዱ ያዘነብላል። ሥሩ ድንጋይ ጠቀጠቅኩበት። መዳፌ ተላጠ። ለጣራው ከእንጦጦ ከሚወርዱት ሴቶች የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ገዛሁ።

አባባ በመስኮት ያያል። ልርዳሽ አላለም፤ ተይውም አላለም። ቆይቶ፣ እኛ ቤተ እስራኤሎች ጎንደር ሳለን በመጸለት፣ በዳስ በዓላችን፣ ዳስ አንሠራም ነበር አለ፤ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ቅጠል እንጎዘጉዛለን እንጂ፣ ሣር ቤት የሚኖር ሰው ዳስ ምን ያደርግለታል። አሁን የምንኖረው ቆርቆሮ ቤት ነው አልኩት። መጋረጃውን ዘጋው።

ምክንያቱ ሌላ ነው። እዚህ ግቢ ለመጨረሻ ጊዜ ዳስ የተጣለው ጥር ላይ፣ ለእማዬ ለቅሶ ነው። ከዚያ ወዲህ ከክፍሉ አይወጣም። አልጋው ጫፍ ላይ ብቻውን ይበላል።

በዓሉ ሳምንቱን ሙሉ ዳስ ውስጥ ብሉ ይላል። አንድ ጊዜ አብሮኝ ቢበላ። ሌላ አልፈልግም።

ሰኞ፣ መስከረም 26፣ 11 ሰዓት

ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጻፍ። ማታ በዓሉ ይገባል፤ ብዕር አይያዝም። ግድግዳው አንሶላ ነው። ጣራው በቅጠሉ መሃል ሰማይ ያሳያል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ሁለት ወንበር አስቀመጥኩ።

አባባን ማታ ና አልኩት። ጉልበቴን ያመኛል አለ። ትናንት አላመመውም። ተናደድኩ። ወዲያው አፈርኩ። አልለምነውም።

ሐሙስ፣ መስከረም 29

አንተ ደብተር፣ በዓሉን ብቻዬን በላሁ። ሁለተኛው ወንበር ላይ ቅጠል ይረግፋል።

ዛሬ ጠዋት ግን ዘይነባ መጣች። ማዶ ያለው ሱቅ የእሷ ነው። ዳሱን ከአጥር በላይ አይታ፣ ሱቋን ዘግታ፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዛ። ለቅሶውን ከበሩ ጀመረችው። «ጋሼ! ወይኔ ጋሼ! ሳልሰናበትዎት!» አባባ ከዘራውን ይዞ ወጣ።

«ማን ሞተ?»

ዘይነባ ዞረች። ስኳሩ ከእጇ ወደቀ።

«እርስዎ!»

አባባ ጥቂት አሰበ። «መቼ?»

ሳቀ። ከጥር ወዲህ ሳቁን አልሰማሁም ነበር። እሷ ግን ተቆጣች። ደጅ የማይታይ ሰው ምን ይባላል፣ እንባዬን ይመልሱልኝ አለች።

እንግዳ ከበር አይመለስም። በዓል መሆኑን ነግሮ ወደ ዳሱ አስገባት። ብቻዋን እንዳትቀመጥ ሁለተኛው ወንበር ላይ ራሱ ተቀመጠ። ዳቦውን ባርኮ ቆረሰ። ሻይ በእሷ ስኳር ጠጣን። እኔ ወንበር አጥቼ ቆሜ በላሁ። እንደዚያ ጥሞኝ አያውቅም።

ዓርብ፣ መስከረም 30

ምሳ ላይ ካፊያ መጣ። አባባ ሳልጠራው ነበር ወደ ዳሱ የወጣው። ውሃው በቅጠሉ መሃል ወጡ ላይ ይንጠባጠባል። እንግባ አልኩት። ሳህኑን በባርኔጣው ከልሎ መብላቱን ቀጠለ።

በዓሉ ሲያልፍ ምሰሶዎቹን አትንቀይ፣ ለከርሞ ይሆናሉ አለኝ።

ለከርሞ አለ። ስለ ነገ እንኳ የማያወራ ሰው።

አልነቅልም። ዘይነባም በየዓመቱ ትምጣና ታልቅስ።