ትንኝ ቤቷን ስትሳሳት

ጥቅምት 6
ዛሬም ስልጠና። ብርድ። ትንኝን ሦስት ጊዜ አበረርኳት። የቅኝት ድሮናችን ናት፤ ተጣጥፋ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ። ወረቀት ላይ ስሟ ቁጥር ነው፤ ታዲያ በቁጥር ማን ይጠራል? ባትሪዎቹ ብርድ ስለማይወዱ ድምቡሼ ብብቱ ውስጥ ታቅፏቸው ይውላል። "ሲፈለፈሉ እጠራሻለሁ" ይለኛል። የሥራ ጓደኛ እንዲህ ነው!

እማዬ ደወለች። "ያቺ አሻንጉሊትሽ እንዴት ናት?" አሻንጉሊት...

ጥቅምት 9
አዛዣችን ሻምበሉ ቁርጡን ነገረኝ። የነገውን ልምምድ ካለፍኩ የቡድኑ አብራሪ እኔ ነኝ። ከወደቅኩ ንብረት ክፍል... ካልሲና ብርድ ልብስ ማደል። ሁለት ቡድን ይደበቃል፤ ቀድሞ የሌላውን መደበቂያ ያገኘ ያሸንፋል። ተጋጣሚያችን ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ታላቅ ወንድሜ ከነሰዎቹ! "ሚጢጢ፣ እንዳታለቅሺ" ብሎ ሳቀብኝ።

ጥቅምት 10
ጉድ ሆንኩ።

ሁላችንም በአንድ መኪና ሄድን። እነወንድሜ ድንጋይ መፍጫው ጋ ቀድመው ወረዱ። እስኪወርዱ ልፈትሻት ብዬ ትንኝን ከፈትኳት። እሷ ደግሞ መጀመሪያ የተከፈተችበትን ቦታ ቤቴ ብላ ትይዛለች፤ ሲግናል ሲቋረጥባት ወደዚያው ትመለሳለች። እኛ ኮረብታ ላይ ስንደርስ አጥፍቼ እንደገና መክፈት ነበረብኝ። ረሳሁ። እንዴት ይረሳል?

አበረርኳት፤ ከጉብታው ጀርባ ሲግናሏ ተቋረጠ። እኛ ሰማይ ሰማይ እያየን ስንጠብቅ እሷ ቤቷ ገብታለች። እነወንድሜ ለካ ሰንፈው ከወረዱበት ንቅንቅ አላሉም! መሀላቸው አረፈች። በሬዲዮ መጣ፦ "ሚጢጢ፣ እንግዳ መጥታልናለች። ምሳ እንስጣት?"

ሻምበሉ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "ሰኞ ንብረት ክፍል" አለ፤ በቃ።

ጥቅምት 11
ስብሰለሰል ዋልኩ። አንድ ነገር አልለቀቀኝም። ትንኝ ቤቷን በትክክል ይዛ ቢሆን ኖሮስ? ወንድሜ ሽቅብ እያየ ይከተላታል... እኛ ጉያ ድረስ! ታዲያ ትክክል የምንለው ራሱ ስህተት አይደል?

ሻምበሉ ቢሮ ሄድኩ።
"ሻምበል፣ ቤቷን ሆን ብለን ሰው የሌለበት ቦታ እናስይዛት።"
ሻምበሉ የቀን መቁጠሪያውን ገለጠ። "ማክሰኞ ይደገማል። የመጨረሻሽ ነው።"

ጥቅምት 13
ዝናብ። ድምቡሼ ባትሪዎቹን "ልጆቼ" ማለት ጀምሯል።

ጥቅምት 15
ዛሬ! ዛሬ!

ትንኝን ሜዳው ላይ ካለው፣ ሰው ከማይደርስበት አሮጌ የጡብ መተኮሻ ምድጃ ጋ ከፈትኳት፤ ሳላጠፋት ይዘናት ኮረብታው ላይ ወጣን። ወንድሜ ያለፈው ጣፍጦት ሲግናል ማቋረጫ ተሸክሞ መጥቷል። ጫካው ላይ ስትደርስ ስክሪኔ ጠቆረ። ልቤም አብሮ። ከዚያ ዞር አለች... ወደ ምድጃው።

"መጡ! መጡልሽ!" አለ ድምቡሼ፣ የሩቅ ማያ መነጽሩ ዓይኑ ላይ ተለጥፎ። ወንድሜ ሰዎቹን አስከትሎ፣ አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ በግልጥ ሜዳ ላይ ሲሮጥ! ባዶውን ምድጃ ሲከቡ እኛ ከላይ ሆዳችንን ይዘን እንንከተከታለን። ሻምበሉ ሬዲዮውን አንስቶ "ታይታችኋል፣ ተመለሱ" አላቸው። ከዚያ ሳቀ። ጥርስ እንዳለው ያወቅኩት ዛሬ ነው።

ጥቅምት 22
አብራሪ ብቻ? አሰልጣኝም! ሻምበሉ ለሁሉም ቡድን አስተምሪ አለኝ። ነገ የመጀመሪያ ክፍሌ። ድምቡሼ ሰሌዳውን ሲወለውል ዋለ።

ማታ ወንድሜ ደወለ። እሱም ተመዝግቧል!
"ሚጢጢ፣ ኋላ ወንበር ያዥልኝ።"
"ክፍሌ ውስጥ ሚጢጢ የሚባል ሰው የለም።"
ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም።
"እሺ፣ አሰልጣኝ" አለኝ። "ፊት ለፊት እቀመጣለሁ።"

ደስታዬን የት ላድርሰው?