ከቁምሳጥኑ ጎን የነበረው ወንበር

ውድ እቱ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ለመጀመር ብዕሬን ሦስት ጊዜ አንሥቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩት። አምስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቀ ወንድም ዛሬ ተነሥቶ ስለ ጤናሽ ቢጠይቅ፣ የሕመምሽ ምክንያት እሱ ራሱ መሆኑን ታውቂያለሽና ጥያቄው ያሳፍረዋል። ስለዚህ ሰላምታውን ትቼ፣ በሰባ አራት ዓመቴ፣ ዐይኔ ሳይከዳኝና እጄ ሳይዝል፣ ልነግርሽ የሚገባኝን ልንገርሽ።

ባለፈው ሳምንት፣ መጪው ምርጫ በሰላምና በፍትሕ እንዲካሄድ ለማገዝ ከባሕር ማዶ የመጡት ሰዎች አስጠሩኝ። በከተማው ሆቴል አዳራሽ አርባ የሚሆኑ አዳዲስ የምርጫ አስፈጻሚዎችን ያሠለጥናሉ። ባለፈው ምርጫ እኔ የመራሁትን ጣቢያ፣ ማለትም አንቺ የአገር ውስጥ ታዛቢ ሆነሽ የተቀመጥሽበትን የትምህርት ቤታችንን የጂኦግራፊ ክፍል፣ ሪፖርታቸው «በአርአያነት የሚጠቀስ» ብሎት ኖሯልና፣ ክፍሉን እንዴት እንዳደራጀሁት ለሠልጣኞቹ እንዳስረዳላቸው ፈለጉ። ልሂድ ወይስ ልቅር ብዬ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ ብዬ አልዋሽሽም፤ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ጫማዬን ወልውዬ፣ ከረባቴን አስሬ ሄድኩ።

ያን የምርጫ ቀን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታስታውሺዋለሽ፤ የማታውቂው ዋዜማውን ነው። «ይሄ ሰውዬ ክረምት ከበጋ ሰደርያውን የማያወልቀው ምን ደብቆበት ነው?» እያልሽ የምትስቂበት፣ ከአስተዳደሩ ቢሮ የማይጠፋ፣ ሥራው ግን ምን እንደሆነ ማንም የማያውቀው ባለ ሰደርያው፣ ጣቢያውን ሳዘጋጅ መጥቶ የካርታ ማስቀመጫውን ቁምሳጥን ቁልፍ ጠየቀኝ። «ለአስፈጻሚዎቹ የሚጠጣ ውኃ እናስቀምጥበታለን» አለ። ጥቂት የውኃ ጠርሙሶች ለማስቀመጥ ሠላሳ ካርታ ማውጣት ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅኩትም፤ ካርታዎቹን ጠቅልዬ ቁልፉን ሰጠሁት። እሱም ከበሩ ሲደርስ ዘወር ብሎ፣ «የውጭዎቹን እንግዶች ደግሞ ከመስኮቱ ፀሐይ ያርቁልን፤ መቼም እርስዎ ጨዋ ሰው ነዎት» አለኝ።

ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ስፖንጅ ያላቸውን ሁለት ወንበሮች አስመጥቼ ከቁምሳጥኑ ጎን፣ ከግድግዳው ጥግ ያኖርኳቸው እኔ ነኝ። ከዚያ የተቀመጠ ሰው ጥላ ያገኛል፤ ሞልቶ የታሸገ ኮሮጆ የሚቀመጥበትን ማዕዘን ግን ቁምሳጥኑ ይጋርድበታል። ይህን አላወቅኩም እንዳልል፣ ራሴ ተቀምጬበት ሞክሬዋለሁ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው ኮሮጆ ሞላ፤ አሽገን ከማዕዘኑ አኖርነው። ወዲያው በር ላይ ግፊያና ጩኸት ተነሣ፤ አስፈጻሚውም መራጩም ወደዚያው ዞረ። አንቺ ግን፣ ሰው ሁሉ በሚንጫጫበት ክፍል ዐይንሽን ከምጥ ላይ ላለማንሣት ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአዋላጅነት የሠለጠንሽ ሴት፣ አልዞርሽም። ከኮሮጆው ማዕዘን ትይዩ ካለው መቀመጫሽ ብድግ አልሽና፣ ድምፅሽን ከፍም ዝቅም ሳታደርጊ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ኮሮጆ የኛ አይደለም። ከቁምሳጥኑ ነው የወጣው። የኛው እዚያ ገብቷል፤ ቁምሳጥኑን አስከፍተው» አልሽኝ።

ፀጉሯ የሸበተው የውጭ ታዛቢ ከወንበሯ ተነሥታ ምን እንደተባለ አስተርጓሚውን ጠየቀችው። አስተርጓሚው፣ እሱም ልጆች ያሉት ሰው ነውና፣ በመተርጎም ፈንታ እኔን እኔን አየ። እኔም፣ ማንም ምንም ሳይሰጠኝ፣ ምንም ሳይነፈገኝ፣ ባለ ሰደርያውን ፈርቼና በእንግዳ ፊት ጓዳችን እንዳይገለጥ አፍሬ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ዛሬም ሳልለይ፣ እንዲህ አልኩ፦ «እህቴ ናት። ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ደክሟት ነው።»

ይህ በታማኝነት ተተረጎመ። ሴትዮዋም አዝና የራሷን ውኃ አቀበለችሽ፤ አንቺም አመስግነሽ ተቀበልሽ። እኔን ግን አላየሽኝም።

በሦስተኛው ቀን ጋውንሽን እንደለበስሽ ከጤና ጣቢያው ወሰዱሽ። ከስምንት ወር እስር በኋላ የግራ ጆሮሽ ደንቁሮ ተመለስሽ። አንድ ሌሊት አድረሽ፣ ጠዋት ሻንጣሽን ስትዘጊ፣ ልይዝልሽ እጄን ብዘረጋ ያልሽኝን ሳልሰማው ያደርኩበት ቀን የለም፦ «ደክሟታል ብለህ አልነበር ጋሼ? እንግዲህ ልሂድና ልረፍ።»

ወደ አዳራሹ ልመለስ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ክፍሉን በጠመኔ ሣልኩት፤ በሩን፣ የመዝገቡን ጠረጴዛ፣ የምስጢር መከለያውን፣ የኮሮጆውን ማዕዘን። በአምስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን አምሮብኝ አስተምሬ አላውቅም። በመጨረሻም ቁምሳጥኑንና የታዛቢዎቹን ሁለት ወንበሮች አስገባሁ። ከሁለተኛው ረድፍ አንዲት መነጽር ያደረገች ሠልጣኝ፣ ፖስታ ቤት የምትሠራ ናት ብለውኛል፣ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከዚያ የተቀመጠ ሰው ኮሮጆውን እንዴት ያየዋል?»

«አያየውም» አልኳት።

«ታዲያ ለምን እዚያ አስቀመጧቸው?»

«እንዳያዩ ነዋ።»

ከኋላ አንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ሌሎችም ተከተሉት። እኔ ሳልስቅ ስቆም ሳቁ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የዋዜማውን፣ የቁልፉን፣ አንቺ የተናገርሽውንና እኔ የሸፈንኩትን አንድም ሳላስቀር ተረክሁት። አስተርጓሚው መሐል ላይ ቢያቋርጥ፣ ያችው ፀጉረ ሽበታም ታዛቢ፣ ዘንድሮ የቡድኑ መሪ ሆና የመጣችው፣ እንዲቀጥል በእጇ አመለከተችው።

ወደ ጎን ወዳለች ጠባብ ክፍል ወስዳኝ ከቦርሳዋ የድሮ ማስታወሻ አወጣች። «በስድስት ሰዓት ተኩል አንዲት ታዛቢ ተናገሩ፤ ድካም ነው፤ የገለጹት ወንድማቸው ናቸው» ብላ ጽፋው ኖሯል። «እኔም ወንድም አለኝ» አለችኝ፤ «ስለዚህ አመንኩዎት።» ብትሰድበኝ እንኳ እንደዚህ ባልከበደኝ።

ቀጥላም ደንባቸውን አስረዳችኝ። የተዘጋን ሪፖርት በአንድ ሰው ቃል አይከፍቱም፤ ሁለት የዐይን ምስክር ያስፈልጋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለተኛ ምስክር ከተገኘ፣ ባለፈው ምርጫ የከተማውን ቆጠራ የመሩት ሰዎች ዘንድሮ ከቆጠራው እንዲነሡ በይፋ ይጠይቃሉ፤ ይህ ካልሆነ ታዛቢ አንልክም እስከማለትም ይደርሳሉ። ካልተገኘ ግን ሥልጠናውም፣ ኮሮጆውም፣ እርዳታውም በእነዚያው ሰዎች እጅ ይገባል።

«እህትዎ የት ናቸው?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

ከድንበሩ ወዲያ ባለች ከተማ፣ ከአንድ ክሊኒክ እንደምትሠሪ ግን ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የጭነት መኪና ሾፌር ከነገረኝ ሁለት ዓመት አልፎታል።

በማግስቱ ረፋድ ባለ ሰደርያው ከሁለት ሰዎች ጋር ከደጄ መጣ። ሸምግሏል፤ ሰደርያው ግን ያው ነው። «መምህር፣ እርጅና ክፉ ነው፤ ያስቀባጥራል። ለሴትዮዋም ነግረናታል፤ ትላንት ደክሟቸው ነው ብለናል» አለኝ። እኔም፣ «ምንም አልደከመኝም፤ ቁርሴን በልቻለሁ» አልኩት። አልሳቀም። ሰኞ ሦስት ሰዓት ፖሊስ ጣቢያ እንድቀርብ መጥሪያ ሰጥቶኝ ሄደ። ስሄድ ሹራብና የዐይን ጠብታዬን እይዛለሁ፤ የተናገርኩትን አልመልስም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለብቻው የታጠፈ ወረቀት አለ። የሴትዮዋ አድራሻና የመጨረሻው ቀን ተጽፎበታል። ብትጽፊላት ስምሽ በእነዚህ ሰዎች እጅ እንደገና ሊወድቅ እንደሚችል፣ ድንበርም እንደማያግዳቸው አውቃለሁ። ባትጽፊ ደግሞ የእኔ ቃል የአንድ ጃጅቶ የቀባጠረ ሽማግሌ ወሬ ሆኖ ይቀራል፤ ምርጫውም እንዳለፈው ያልፋል። ጻፊ አልልሽም። ተዪው ብዬም ጨዋ ለመምሰል አልሞክርም። ልብሽ ካላዘዘሽ ወረቀቱን ሳትዘረጊው አቃጥዪው፤ ሾፌሩ መልስ ይዞልኝ እንዳይመጣ አስጠንቅቄዋለሁና የትኛውን እንዳደረግሽ እኔ አላውቅም። እንዳውቅም አይገባኝም። አምስት ዓመት ሙሉ ያልተጠየቅሽው አንቺ ነሽ፤ እነሆ አሁን ተጠይቀሻል።

ወደዚህ ለመምጣት ግን እንዳታስቢ። የተያዝኩ እንደሆነም ሰው ልከሽ አታስጠይቂኝ።

ወንድምሽ